የፎቶ ቤቱ ሰርቨር

ነቀምቴ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ዕድሜው ከሠላሳ አለፍ ካለ፣ በአቶ ዓምደሚካኤል ካሜራ ፊት ሳይቆም አልቀረም። ክርስትና የተነሣ ሕፃን፣ ሙሽራ፣ የመዘምራን ልብስ የለበሰ ወጣት፣ ለመታወቂያ የመጣ ተማሪ፣ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት የሚያወጣ ሁሉ በእሳቸው ፎቶ ቤት በኩል አልፏል። «ቀና በል፤ አገጭህን ዝቅ፤ አሁን አትተንፍስ» የሚለውን ትእዛዛቸውን በአማርኛም በኦሮምኛም ያውቀዋል። አባታቸው ከጎጃም በድቁና መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ግን ተወላጅ ናቸው፤ ገበያ ሲወጡ ኦሮምኛቸውን የሰማ ከየት እንደመጡ አይጠይቅም ነበር።

ሕብረት የእሳቸውና የወይዘሮ የሺወርቅ የመጨረሻ ልጅ ናት። ታላላቆቿ አንድ በአንድ ከከተማው ሲወጡ እሷ ቀረች። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ በጥሩ ውጤት ተመርቃ፣ በአንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆና ጥቂት ዓመት ሠራች። ከዚያ የአገሩ ነገር ሲታወክ ተማሪው ከየወረዳው መምጣቱን ተወ፤ ኮሌጁም በሩን ዘጋ። ሕብረት ባኬ ጃማ ሠፈር ወዳለው የአባቷ ቤት ተመልሳ ገባች። ለጊዜው ነው አለች። ያ ጊዜ ግን አላልቅ አለ። እናቷ ለሰው ሲያወሩ «እዚችው ናት፣ እኛን እያየች» ይላሉ፤ ሕብረት ይህን በሰማች ቁጥር ተነሥታ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

በዚያው ዓመት ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ። የአቶ ዓምደሚካኤል ዓይን በግፊት በሽታ ጠፋ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ፣ ቀጥሎ መሀሉ። ፎቶ ቤቱም ለመንገድ ማስፋፊያ ተብሎ ፈረሰ። ካሜራዎቹ ተሸጡ፤ የአርባ ዓመት ኔጋቲቭ በካርቶን ታጭቆ፣ የኋለኛው ዘመን ሲዲ በማዳበሪያ ታስሮ፣ በጋሪ ተጭኖ ቤት ገባ። ቤቱ ጣራው ያፈሳል። ክረምት ሲገባ ኔጋቲቩ እርጥበት ጠጥቶ ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ጀመረ። አቶ ዓምደሚካኤል ከሽታው ገብቷቸዋል። «እየበሰበሰ ነው» አሉ አንድ ቀን።

ሕብረት ያን ጊዜ ነው ወደ ጋሩማ የሄደችው። ጋሩማ የክፍሏ ልጅ ነበር፤ የሲሬ ሰው፣ ቤተሰቦቹ የመካነ ኢየሱስ አማኞች፣ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያለው። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን ሲያስወግድ የገዛው ሰርቨር ሱቁ ጥግ ላይ አቧራ ይጠጣ ነበር።

«ይሄን ውሰጂው» አላት። «ለኔ የወንበር ቦታ ነው የያዘብኝ። አንቺ ግን ታናግሪዋለሽ።»

ብረቱን ሁለት ሆነው ተሸክመው በባጃጅ አመጡት። በፎቶ ካርቶኖቹ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ወይዘሮ የሺወርቅ በሩ ላይ ቆመው «ይሄ ደግሞ ምን ሊፈጭልን ነው?» አሉ። እውነትም ማራገቢያው ሲነሣ እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር።

ሕብረት ያሰበችው ነገር ለሙያ ሰው ቀላል ነው። በአንዱ ብረት ውስጥ ብዙ ኮምፒውተር እንዳለ አድርጎ የሚያሠራ ሶፍትዌር አለ፤ እነዚያ በውስጡ የሚፈጠሩት ኮምፒውተሮች ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። እያንዳንዱ የራሱ ስም፣ የራሱ ሥራ አለው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይነካም። በአንዱ ላይ የአባቷን ፎቶዎች የሚይዝና ሰውን በመልኩ ፈልጎ የሚያወጣ አልበም ልትጭን፣ በሌላው ላይ የፎቶዎቹን ቅጂ ልታስቀምጥ፣ በሦስተኛው ደግሞ ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ የሠፈር ተማሪ በዋይፋይ የሚያነበው ቤተ መጻሕፍት ልትከፍት አሰበች።

ቀላል የሚሆነው ግን ኔትወርክ ላለው ነው። አልበሙ ለመጫን ሌላ ሶፍትዌር ይፈልጋል፤ ያኛው ደግሞ ሌላ። ሁሉም ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው። ማውረዱ ዘጠና ከመቶ ደርሶ ኔትወርኩ ይቆማል፤ ኔትወርኩ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል። አንዳንዱን ጋሩማ ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ ሲወርድ በፍላሽ ይዞላት ይመጣል፤ ስትከፍተው ዓይነቱ ተሳስቶ ይገኛል። ስንት ጊዜ ደምስሳ ከሥር እንደጀመረች እሷም አታውቅም። ቢሆንም ያን ወራት ስታስታውስ ፊቷ ይፈታል። ጠዋት ስትነሣ የሚጠብቃት ነገር ነበረ። የአልበሙ ገጽ መጀመሪያ በስልኳ ላይ የተከፈተ ቀን ብቻዋን በክፍሉ ውስጥ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ከዚያ የሥራው ዋና ክፍል መጣ። ኔጋቲቩን እያጸዱ፣ በስካነር እያነሡ፣ ስም እየሰጡ ማስገባት። አቶ ዓምደሚካኤል ከአጠገቧ ይቀመጣሉ። እሷ የምታየውን ትነግራቸዋለች፤ እሳቸው ማን እንደሆነ ይነግሯታል።

«ወፍራም ሴት፣ ነጠላ ለብሳ፣ ሁለት ልጅ አቅፋ» ትላለች።

«ግራ ጆሮዋ ላይ ጉትቻ የላትም?»

«የላትም።»

«የጫንያለው ሚስት ናት፤ የወፍጮ ቤቱ። ጉትቻው ያን ለት ጠፍቶባት ስታለቅስ ነው የመጣች። ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው?»

«ከቀኝ።»

«ልክ ነው። መስኮቱን ከፍቼ ነበር።»

እንዲህ እያሉ ከዓመት በላይ ሠሩ። አባትና ልጅ በሕይወታቸው ያን ያህል አውርተው አያውቁም። አቶ ዓምደሚካኤል ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ የተሰሙት በዚያ ክፍል ነው።

ካርቶኑ ሁሉ ሲያልቅ ኔጋቲቩ ምን እንደሚደረግ ጥያቄ ተነሣ። ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፤ ወይዘሮ የሺወርቅ ሳል ይዟቸው አልለቅ ብሏል። አብዛኛው ኔጋቲቭ ተጣብቆ እንደ ቆዳ ሆኗል። ሕብረት «ከእንግዲህ አያስፈልግም፤ ሁሉም ገብቷል» አለች። ተሸካሚ ተጠርቶ ካርቶኑንና ማዳበሪያውን ከሠፈሩ በታች ወዳለው ገደል ጣለው። ያን ቀን አቶ ዓምደሚካኤል ደጅ ተቀምጠው የተሸካሚውን እግር ሲያዳምጡ ዋሉ። ሲመሻሽ ጠሯት።

«ሕብርዬ፣ ደህና ቦታ ናቸው?»

«ደህና ቦታ ናቸው፣ አባዬ።»

«እንግዲያስ ይሁን» አሉ።

ወሬው በከተማው ተዳረሰ፤ ሰው መምጣት ጀመረ። ያረጀ የሰርግ ፎቶ የሚፈልግ፣ የሞተ እናቱን መልክ የሚሻ፣ ውጭ አገር ላለ ወንድሙ የሚልክ። ከሁሉም የበዙት ግን ከየገጠሩ ተፈናቅለው የመጡት ነበሩ። ቤታቸው ተቃጥሎ፣ ንብረታቸው ቀርቶ፣ ነፍሳቸውን ብቻ ይዘው ከወጡት ውስጥ የአንዳቸውም ፎቶ አልተረፈም። ሕብረት መልካቸውን በስልኳ አንሥታ አልበሙ ውስጥ ታስገባለች፤ አልበሙ ይፈልግና የዛሬ ሃያ ዓመት ፊታቸውን ያመጣል፤ ከዚያ አጠገባቸው የቆመውን፣ ዛሬ የሌለውን።

አዴ ሎሚ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ከኡኬ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ፣ በሁከቱ ጊዜ ቤታቸው የተቃጠለባቸው፣ ባላቸው ከዚያ ቀደም የሞቱ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ጂሩን ይዘው፣ በአንድ እጃቸው ፌስታል አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆሙ።

«አካም ጅርቱ? የኦቦ ዓምደሚካኤል ቤት ይሄ ነው?»

ሕብረት አስገባቻቸው። አልበሙ የሰርጋቸውን ፎቶ አገኘ። አዴ ሎሚ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው በመሀል ጣታቸው የባላቸውን ትከሻ ነካ አደረጉት። «ይሄ ኮት የሱ አልነበረም» አሉ። «ከወንድሙ ተውሶ ነው። አውሰኝ በሞቴ እያለው ሲስቅ ነበር።» አልበሙ ሌላም አመጣ፦ ጂሩ ዐሥረኛ ክፍል ሲጨርስ የትምህርት ቤት ልብስ ለብሶ የተነሣውን። ልጁ አፍሮ አንገቱን ደፋ። እናቱ ሳቁ። የባላቸውን ብቻ አሳትመው «የጂሩ ይቅር፤ እሱ ራሱ አለልኝ» አሉና ልጁን በክንዱ ይዘው ሄዱ።

ሕብረት በዚያ ሰሞን ደስተኛ ነበረች ማለት ይቻላል። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ይመርቃታል። እናቷም «የፎቶዎቹ ልጅ» ሲሏት ሰምተው ኩራት ቢጤ ፊታቸው ላይ ታይቷል።

ብረቱ ውስጥ ሁለት ሃርድ ዲስክ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ክረምቱ ሲወጣ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ሕብረት ገና ሳይሞት በላዩ ያለውን ሁሉ ወደ ደህናው አዛወረችና አወጣችው። ጋሩማ ምትክ ዲስክ ከአዲስ አበባ አዘዘ፤ መንገዱ ግን በዚያ ሰሞን አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል፤ ዕቃው ሳይመጣ ሰነበተ።

«ቅጂውስ?» አላት ጋሩማ በስልክ።

«ቅጂው በሌላኛው ቨርቹዋል ማሽን ላይ አለ። በየቀኑ ራሱ ይገለብጣል።»

«ሌላኛው ማሽን የቱ ብረት ላይ ነው ያለው?»

ሕብረት ሳቀች። «ታውቀው የለ እንዴ፣ ያው ነዋ።»

«እንግዲያ ቅጂው ከቤት ይውጣ፣ ሕብረት። አንድ ጎጆ ሁለት ክፍል ቢኖረው ጎጆው ሲቃጠል ሁለቱም ነው የሚነድ።»

«ዲስኩ ሲመጣ» አለች። አውቃ ነው እንዲህ ያለችው፤ ተምራዋለች፣ ለተማሪም አስተምራዋለች። ግን በየጠዋቱ ገጹን ስትከፍት በአረንጓዴ «ቅጂው ተሳክቷል» የሚል ቃል ይጠብቃታል። ሁለቱ ማሽኖች በየስማቸው ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያሉ። ዓይን በየቀኑ ሁለት ሲያይ ልብም ሁለት ነው ብሎ ያምናል።

መብራት ሠፈሩን ለቆ ጥቂት ቀን ቆየ። የመጣ ቀን ሕብረት ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። ትራንስፎርመሩ በኩል አንድ ነገር ጧ አለ፤ የጎረቤት አምፖል ተሰነጠቀ፤ ከክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሮጣ ስትገባ ስታብላይዘሩ ከጎኑ ጠቁሯል። ብረቱ ዝም ብሏል። ያን ወፍጮ የመሰለ ጩኸት ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰለቻት ኖሮ፣ ያን ለት ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጥፋ ፈለገችው።

ጋሩማ በባጃጅ መጣ። የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ ቀየረ፤ ብረቱ ነቃ። ሕብረት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ስክሪኑ ላይ ግን ዲስክ የለም የሚል ቃል ቆሞ ቀረ። ጋሩማ ጆሮውን ወደ ዲስኩ አስጠጋ፤ አንዴ ይፈጫል፣ ይቆማል፣ ይፈጫል። ጋሩማ ቀና ብሎ አላያትም።

«አዲስ አበባ የሚከፍቱ ሰዎች አሉ» አለ። «እልካለሁ።»

ዲስኩ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጋሩማ አጎት እጅ አዲስ አበባ ሄደ። ሕብረት ስልኳን ይዛ ሰነበተች። ከዚያ ጋሩማ ደወለ፤ ሰላም ለማለት እንኳ ጊዜ አልወሰደም። «ውስጡ ተፋፍቋል አሉ። ጽሑፉ ያለበት ገጽ ራሱ ተልጧል። ምንም አይወጣም።» ትንሽ ቆይቶ «ሌላም ሰው ጠይቄያለሁ» አለ። ስልኩ ሳይዘጋ እጇ ላይ ቀረ፤ ከወዲያ በኩል የመናኸሪያው ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማታል።

ለአባቷ አልነገረችም።

ዛሬ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ዛሬው ይመሻል። አቶ ዓምደሚካኤል እንደ ልማዳቸው ከምሳ በኋላ በከዘራቸው መንገድ እየፈለጉ መጥተው ከአጠገቧ ይቀመጣሉ። ሕብረት የማራገቢያውን ድምፅ ብቻ ለማሰማት ባዶውን ብረት ታስነሣዋለች።

«እስቲ አሳይኝ» ይላሉ።

ሕብረትም ጨለማ ስክሪን ፊት ተቀምጣ ትጀምራለች። «አንድ ቄስ፣ ጥቁር ካባ የለበሱ፣ ዲያቆን ከኋላቸው ጥላ ይዞ…» ከትዝታዋ ነው የምትነግራቸው። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ስም ይሰጣሉ፤ የቄሱን ፀባይ፣ የዲያቆኑን መጨረሻ ያወራሉ። እሷ ወደ ሌላ ትሄዳለች። በየቀኑ ግን የምታስታውሰው እየሳሳ መጣ። የአንዷን ቀሚስ ለሌላዋ ታለብሳለች፤ የሌለ ልጅ ትጨምራለች። አንድ ቀን አቶ ዓምደሚካኤል ግራ ተጋብተው «እንዲህ ያለ ሰው አንሥቼ አላውቅም» አሉ፤ ቀጠል አድርገውም «እርጅና ነው መሰል፤ አእምሮዬም እየከዳኝ ነው» አሉ። ሕብረት ያን ቀን ጓሮ ወጥታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ዓይኑን ያጣ ሰው አሁን ደግሞ አእምሮውን እንዲጠራጠር አድርጋዋለች።

ለሚመጣውም ሰው «መብራት የለም፣ ሰሞኑን ተመለሱ» እያለች ትመልሳለች። መብራት የሌለበት ቀን ስለማይጠፋ ሁሉም ያምናታል።

የወባው ነገር የበረታበት ዓመት ነበር። አዴ ሎሚ አንድ ረፋድ ላይ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው ተላጭቷል። ሕብረት በሩ ላይ እንዳየቻቸው ማን እንደሞተ ገባት፤ አብሯቸው ያልመጣው አንድ ሰው ነበርና።

«ጂሩ» አሉ አዴ ሎሚ። «ወባ ነው። ሲያንቀጠቅጠው አይቼ ነገ ይሻለዋል ብዬ…» አልጨረሱትም። ተቀመጡ። ሕብረት እጃቸውን ይዛ «እግዜር ያጽናዎት» አለች። አቶ ዓምደሚካኤል ከውስጥ ድምፅ ሰምተው በከዘራቸው መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እሳቸውም አጽናኑ።

«ያንን ፎቶ ልወስድ ነው የመጣሁት፣ ኢንተላኮ፣ ልጄ» አሉ አዴ ሎሚ። «ያኔ ያየነውን። ያፈረበትን።»

ሕብረት «መብራት የለም፣ አዴ ሎሚ» አለች። ይህ እንኳ እውነት ነበር።

«እጠብቃለሁ።»

«እስከ መቼ እንደሚቆይ አይታወቅም። ኡኬ የሚመለስ መኪና ያመልጥዎታል። ሌላ ቀን…»

«ሌላ ቀን ምን አለኝ?» አሉ አዴ ሎሚ ረጋ ብለው። «ቤት ማንም የለም እኮ። እዚሁ እጠብቃለሁ።»

ጠበቁ። ወይዘሮ የሺወርቅ ቆሎ አቀረቡ፤ አልነኩትም። አቶ ዓምደሚካኤል የልጁን ትምህርት፣ ስንተኛ ክፍል እንደነበረ እየጠየቁ ያጫውቷቸዋል። ሕብረት አንዴ ትነሣለች፣ አንዴ ትቀመጣለች፤ በሕይወቷ መብራት እንዳይመጣ የጸለየችበት ቀን ያ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ጣራው ላይ የተንጠለጠለው አምፖል ብልጭ ብሎ በራ።

አዴ ሎሚ ቀና አሉ። «መጣ» አሉ።

ማንም አልተነሣም።

«መብራት መጣ፣ ኢንተላኮ።»

ሕብረት አፏን ከፈተች። በአማርኛ ልትጀምር ፈለገች፤ ተበላሽቷል፣ እየተጠገነ ነው የሚል ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የሴትየዋ ፊት ላይ ያለውን ስታይ ግን የወጣው ሌላ ነው። «ባዴራ፣ አዴ ሎሚ» አለች። ጠፍቷል። «ሁሉም ጠፍቷል። ብረቱ ተቃጥሏል። ቅጂ አለኝ ብዬ ነበር፤ የለኝም። ከጠፋ ቆይቷል፤ ስዋሽ ነው የቆየሁት።»

አዴ ሎሚ ያልገባቸው ይመስል ወደ ብረቱ አዩ። የከዘራ ድምፅ ተሰማ፤ የአቶ ዓምደሚካኤል ከዘራ ከእጃቸው ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባሎ ነው።

«ሁሉም?» አሉ።

«ሁሉም፣ አባዬ።»

«ትናንት ያሳየሽኝስ?»

ሕብረት ጎንበስ ብላ ከዘራውን አነሣችላቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ አዴ ሎሚ ድምፅ አቅጣጫ አዞሩ። «ይስሙኝ፣ አዴ ሎሚ» አሉ። «ልጅዎን ያነሣሁት እኔ ነኝ። አስታውሰዋለሁ። ረዘም ያለ ልጅ ነው፤ ፀጉሩ ጠቅለል ያለ፤ በግራ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያለው። ሸሚዙ አንድ ቁልፍ ይጎድለው ነበር፤ እኔ ነኝ በመርፌ ቁልፍ ያያያዝኩለት። ሳቅ ስለው ጥርሱን…»

«አይደለም» አሉ አዴ ሎሚ።

አቶ ዓምደሚካኤል ንግግራቸውን አቋረጡ።

«ጂሩ ጠባሳ የለውም። አጭር ነበር እንደ አባቱ።» ቁጣ በድምፃቸው ውስጥ የለም። «የሌላ ሰው ልጅ ነው ያስታወሱት፣ ኦቦ። እግዜር ይስጥልኝ። ስለሞከሩ።»

ተነሡ። ፌስታላቸውን አነሡ፤ ባዶ ነበር፤ ፎቶው እንዳይታጠፍ ብለው አንድ ቁራጭ ካርቶን ብቻ ይዘውበት መጥተዋል። ሕብረት እስከ መንገድ ልትሸኛቸው ወጣች፤ መሀል መንገድ ላይ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው «ተመለሺ» የሚል ምልክት ሰጧት። ተመለሰች።

በማግሥቱ አቶ ዓምደሚካኤል «ገደሉ ውሰጂኝ» አሉ። ወይዘሮ የሺወርቅ «ዓይን የሌለው ሰው ገደል ምን ሊሠራ?» ብለው ጮኹ፤ አልተሰሙም። ሕብረት ክንዳቸውን ይዛ አወረደቻቸው። ክረምቱ ያለፈበት ቆሻሻ፣ ጭቃና ሣር ነው። እሷ በእንጨት ስትፈነቅል እሳቸው ተንበርክከው በእጃቸው ይዳብሳሉ። አንድ የተጋገረ ነገር አገኙ፤ ብዙ ኔጋቲቭ አንድ ላይ ቀልጦ እንደ ሰም የተጣበቀ። አቶ ዓምደሚካኤል በጥፍራቸው ሊፈለቅቁት ሞከሩ። ወደ ሰማይ አንሥተው ያዙት፣ በዚያ ዓይናቸው ብርሃን የሚያልፍበት ይመስል።

«ምን ይታያል?» አሉ።

ሕብረት ከእጃቸው ተቀብላ አየችው። ጥቁር ነው። «ምንም አይታይም» አለች። መዋሸቱን ትታለች፤ እውነቱን መናገሩም ያን ለት ለማንም አልጠቀመም። ፀሐይ እስክትከር ፈለጉ። ወደ ላይ ሲወጡ አባቷ ክንዷን አልለቀቁም። ቢለቋት ወይም ቢቆጧት ይቀላት ነበር።

ከዚያ በኋላ አቶ ዓምደሚካኤል ስለ ፎቶ ሥራ አውርተው አያውቁም። ያነሡት የነበረ ሰው መንገድ ላይ ሰላም ቢላቸው «ይቅርታ፣ አላወቅኩህም» ይላሉ፤ ሰውየው ስሙን ቢነግራቸውም እንኳ ጥርጣሬው አይለቃቸውም። ወይዘሮ የሺወርቅ ሕብረትን አልወቀሷትም፤ ለሰው ግን «እኛን እያየች» ማለቱን ተዉ።

ምትክ ዲስኩ መንገድ ሲከፈት መጣ። ጋሩማ ሁለት አድርጎ ነበር የገዛው። «እንደገና እንጫነው» አላት። «ሰው በየስልኩ ያለውን ያምጣ። ቅጂው ሱቄ ይቀመጣል፣ ሌላው ሲሬ እናቴ ቤት። አሁን በትክክል እንሠራዋለን።»

ሕብረት እሺ አለች። ተቀምጣ ጫነችው፤ ኔትወርኩም ያን ሰሞን ደህና ነበርና ድሮ ወራት የፈጀባት አሁን ሳታቋርጥ አለቀ። ማሽኖቹ ተነሡ። አልበሙ ተከፈተ፤ መሀሉ ላይ «ምንም ፎቶ የለም፣ የመጀመሪያውን ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሕብረት ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ብረቱን አጥፍታ «ውሰደው» አለችው። «ለቤተ ክርስቲያናችሁ አድርገው፤ ለትምህርት ቤት አድርገው። እኔ ጋ አይቀመጥ።» ጋሩማ ሊከራከር አስቦ ፊቷን አየና ተወው።

እሷ ኋላ ላይ ሲሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ አገኘች። ሰኞ ትሄዳለች፣ ዓርብ ነቀምቴ ትመለሳለች። የሚሰጧትን ትተይባለች፤ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ሌላ ሰው እንዲጠራ ትናገራለች። መማሯን የሚያውቅ እዚያ የለም።

አንድ ቅዳሜ ነቀምቴ ገበያ በርበሬ ስትገዛ ከኋላዋ «አካም ጅርታ፣ ኢንተላኮ» የሚል ድምፅ ሰማች። አዴ ሎሚ ናቸው። ሸሽታ ማምለጫ አልነበራትም። አቀፏት፤ እንደ ወጉ ስለ እናቷ፣ ስለ አባቷ፣ ስለ ሥራዋ አንድ በአንድ ጠየቁ። ሕብረት ሁሉም ደህና ነው እያለች መለሰች። የዕቃቸውን ግማሽ ተቀብላቸው ወደ ኡኬ መኪና መሳፈሪያ አብረው ሄዱ።

መሳፈሪያው ሲደርሱ አዴ ሎሚ ሚኒባሱ ላይ እግራቸውን አንሥተው ቆም አሉ። «ድምፁ አለ» አሉ፤ ከብዙ ጊዜ በፊት የጀመሩት ወሬ የቀጠለ ያህል። «ስጠራው አቤት ይለኛል። ፊቱ ግን እየሄደብኝ ነው። አፍንጫው አለ ስል ዓይኑ ይጠፋል። እናት ልጇን ትረሳለች፣ ሕብረት? አንቺ ተምረሻል፤ እንዲህ ያለ ነገር አለ?»

ረዳቱ «ኡኬ፣ ኡኬ፣ አንድ ሰው» እያለ ይጮሃል። አዴ ሎሚ መልሱን ሳይጠብቁ ገቡ፤ በመስኮቱ በኩል የያዘችላቸውን ዕቃ ተቀበሏት። መኪናው ሄደ።

ቤት ስትገባ አባቷ ደጅ ተቀምጠው ነበር። ኮቴዋን አውቀው ፊታቸውን አዞሩ።

«ቆየሽ። ማን አገኘሽ?»

«ማንንም» አለች፤ በርበሬውን ይዛ ገባች።